ወጥተው የማያመልጡበት ቡድን፦ ቀይ ሽብርና የዘር ማጥፋት ፍርድ

ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት የፈጀውን ክርክር ቋጭቶ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና የደርግ ባልደረቦቹን በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አላቸው። ውሳኔው በድምፅ ብልጫ ያለፈ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ በተለይ በዓለም አቀፍ ሕግ ምሁራን ዘንድ፣ አንድ ትችት ሳይቋረጥ ይሰማል። ደርግ በተቃዋሚዎቹ ላይ ባካሄደው ቀይ ሽብር የተገደሉት አማራም፣ ኦሮሞም፣ ትግሬም፣ ጉራጌም ነበሩ፤ ገዳዮቹም እንዲሁ። ማንም በብሔሩ፣ በቀለሙ ወይም በሃይማኖቱ ተለይቶ አልተገደለም። ስለዚህ፣ ይላሉ ተቺዎቹ፣ ግፉ የቱንም ያህል ቢከብድ ስሙ ሌላ ነው።

ይህን ትችት በግማሽ እቀበላለሁ፤ በግማሹ ደግሞ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) አባላትና አባላት ናቸው የተባሉ ሁሉ የተጨፈጨፉበት ዘመቻ የዘር ማጥፋት መባሉ ትክክል ነው፤ በሕግም በምክንያትም ይቆማል። ፍርድ ቤቱ የተሳሳተው ይህን ስም በመስጠቱ ሳይሆን ደርግ ያፈሰሰውን ደም ሁሉ ከዚሁ ስም ሥር በማስገባቱ ነው።

ከሕጉ እንጀምር። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1946 ባወጣው ቁጥር 96 ውሳኔ ዘር ማጥፋትን ሲያወግዝ፣ ሊጠበቁ ከሚገባቸው ቡድኖች መካከል የፖለቲካ ቡድንንም ጠቅሶ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ዘር ማጥፋትን የሚከለክለው ስምምነት ሲረቀቅ ግን ይህ ቃል ወደቀ። የጉባኤው ስድስተኛ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1948 መጨረሻ በ22 ድምፅ ድጋፍ፣ በ6 ተቃውሞና በ12 ድምፀ ተአቅቦ የፖለቲካ ቡድን ከዝርዝሩ እንዲወጣ ወሰነ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ለሶቪየት ኅብረት ብቻ ይሰጣል። የሶቪየት ልዑካን በእርግጥ አጥብቀው ተቃውመዋል፤ ነገር ግን የገዛ አገራቸውን ዐመፀኛ ለመቅጣት እጃችን ይታሰራል ብለው የሰጉ የላቲን አሜሪካና የሌሎች አህጉራት መንግሥታት ባይጨመሩበት ድምፁ ባልተገኘ ነበር። በአደባባይ የቀረበው ምክንያት ግን ላይ ላዩን ሲታይ የሚያሳምን ነው። ሰው በብሔሩ ይወለዳል፣ ከዚያም አይወጣም፤ በፓርቲ ግን ፈቅዶ ይገባል፣ ሲፈልግም ይወጣል። ስለዚህ የፖለቲካ ቡድን ጽኑ ቡድን አይደለም፣ የተለየ ጥበቃም አያሻውም ተባለ።

ኢትዮጵያ ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1949 ስታጸድቅ ከዓለም የመጀመሪያዋ ነበረች። በፋሺስት ወረራ ሕዝቧ በመርዝ ጋዝ ያለቀባት፣ በየካቲት 12 ጭፍጨፋ ዋና ከተማዋ በደም የታጠበች አገር ለዚህ ጉዳይ መቅደሟ አይገርምም። ይበልጥ ትኩረት የሚሻው በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። በስዊሱ የሕግ ሊቅ በዣን ግራቨን አርቃቂነት የተዘጋጀው ይህ ሕግ በአንቀጽ 281 ስምምነቱ የጣለውን የፖለቲካ ቡድን መልሶ አስገባ። ዓለም አቀፉ ስምምነት ለአባል መንግሥታት ዝቅተኛውን ወለል ይደነግጋል እንጂ ከዚያ በላይ እንዳይሠሩ አያግድም። ደርግ በ1967 ሥልጣን ሲይዝ ሕገ መንግሥቱን አገደ፤ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉን ግን አልሻረም። ፍርድ ቤቶቹም በዚሁ ሕግ ሌባና ነፍሰ ገዳይ ሲቀጡ ነበር። መንግሥቱ ሚያዝያ 9 ቀን 1969 በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች እየከሰከሰ ሲፎክር፣ አንድን የፖለቲካ ቡድን ለማጥፋት መግደል በገዛ አገሩ ሕግ እስከ ሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር። በኋላ የተፈጠረ ሕግ ወደ ኋላ ሄዶ አልያዘውም።

ከሦስቱ ዳኞች አንዱ በዚህ አልተስማሙም። በልዩነት ሐሳባቸው፣ ደርግ ባወጣቸው ሕጎችና ዐዋጆች የፖለቲካ ቡድን ጥበቃው ተሽሯል፤ ተከሳሾቹ ሊቀጡ የሚገባው በከባድ የግድያ ወንጀል ነው አሉ። ሐሳቡ በቅንነት የቀረበ ነው፤ የሚመራበት ቦታ ግን አስፈሪ ነው። ገዳይ በሚገድልበት ዓመት ራሱ በሚያወጣው ዐዋጅ የሟቾቹን የሕግ ከለላ ማንሣት ከቻለ የአንቀጽ 281 ፋይዳ ምንድን ነው? የዘር ማጥፋት ወንጀል አብዛኛውን ጊዜ በመንግሥት እጅ የሚፈጸም ነው። መንግሥት ደግሞ ሁልጊዜ ዐዋጅ ማውጣት ይችላል።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የፖለቲካ ቡድንን ከስምምነቱ ያስወጣው ክርክር «ሰው ከፓርቲ መውጣት ይችላል» የሚል ነው ብያለሁ። ቀይ ሽብር ይህን ክርክር በተግባር ያፈረሰ ታሪክ ነው፤ ተቺዎቹም የዘለሉት ይህንኑ ይመስለኛል። በየቀበሌው ሕዝብ ተሰብስቦ «ራሳችሁን አጋልጡ» ይባል ነበር። የተጋለጠ ይማራል ተብሎ ተስፋ ተሰጠ። ወጣቶች እየተነሡ በኢሕአፓ ወጣት ሊግ ነበርኩ፣ ወረቀት በትኛለሁ፣ መዋጮ ከፍያለሁ፣ አሁን ግን ተጸጽቻለሁ ይላሉ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ከአዳራሹ የወጡት ወደ ቤታቸው ሳይሆን ወደ ከፍተኛው፣ ማለትም የቀበሌዎቹ የበላይ አስተዳደር፣ እስር ቤት ነው። ጓዶቻቸውን እንዲጠቁሙ ተገረፉ፤ ከጠቆሙም በኋላ የተረሸኑ አሉ። ድርጅቱን የተወ፣ የካደ፣ ያጋለጠ ሁሉ በገዳዩ መዝገብ ላይ ያው ኢሕአፓ ሆኖ ቀረ። በራስ ፈቃድ የተገባበት ቡድን፣ ገዳዩ በሩን ከውጭ ሲቆልፈው፣ ከደም ትስስር ባልተናነሰ ሰውን የሚይዝ ሆነ።

ይህም ብቻ አይደለም። «አናርኪስት» የሚለው ስም አባል ያልነበሩትንም እየሳበ አስገባ። ፊደል የቆጠረ የከተማ ወጣት መሆን ብቻውን አስጠረጠረ። ወንድሙ ስለተፈለገ የታሰረ፣ እኅቷን ስለሸሸገች የተገረፈች፣ ልጇ የት እንዳለ አልናገርም ስላለች የተገደለች እናት ነበሩ። ቤተ ሰብ የልጁን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ተጠየቀ፤ ለቅሶ መቀመጥ ተከለከለ። በሬሳ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ሟቹን በስሙ አይጠራውም፤ ጸረ-አብዮተኛ፣ አናርኪስት ብሎ በቡድኑ ይጠራዋል። የዘር ማጥፋት ሕግ የሚፈልገው ልዩ ሐሳብ እዚህ ላይ በግልጽ ይነበባል፦ ሰውየው የተገደለው ባደረገው ነገር ሳይሆን ገዳዩ በመደበው ቡድን ነው፤ ግቡም ቡድኑ እንዳይኖር ማድረግ ነው። ሃይማኖትም ቢሆን ሊለወጥ የሚችል ነገር ነው። ስምምነቱ ግን ሃይማኖትን ጠብቋል፤ አሳዳጅ ያሳደደውን ሰው እምነትህን ቀይርና ዳን ብሎ እንደማይተወው ዓለም ከናዚ ዘመን ተምሮ ስለነበር። የአዲስ አበባና የጎንደር፣ የደሴና የደብረ ማርቆስ ወጣቶች ታሪክ ያንኑ ትምህርት ለፓርቲም ያረጋግጣል።

ኢሕአፓም ገድሏል የሚለው ተቃውሞ እውነት ስለሆነ ሊሸሽ አይገባም። በ1969 መጀመሪያ መንግሥቱ ላይ የመግደል ሙከራ ተደርጓል፤ በወቅቱ ከደርግ ጋር የነበረው የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) መሪዎችና የቀበሌ ሹሞች በከተማ መሐል ተተኩሶባቸው ሞተዋል፤ ያም በራሱ መጠየቅ ያለበት ወንጀል ነው። ነገር ግን መሣሪያ የታጠቀን ገዳይ መያዝና መቅጣት አንድ ነገር ነው፤ በሜይ ዴይ ዋዜማ ለሰላማዊ ሰልፍ የተሰበሰቡ የአሥራ ምናምን ዓመት ልጆችን በአንድ ሌሊት በመትረየስ ማጨድ ሌላ ነው። የሌላው ወገን ጥይት የግጭቱን መነሻ ያስረዳ ይሆናል፤ ቀበሌዎች «ነጻ እርምጃ» እንዲወስዱ፣ ማለትም ያለ ፍርድ እንዲገድሉ፣ የተሰጣቸውን ፈቃድ ግን አያስረዳም።

ይኸው ግፍ በሌላ አገር ችሎት ፊት ሲቀርብ ምን ስም እንዳገኘ ማየት ጠቃሚ ነው። በጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረው እሸቱ ዓለሙ በኢትዮጵያ በሌለበት ሞት ተፈርዶበት ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የኔዘርላንዱ የሄግ ፍርድ ቤት በ1970 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ ስለተገደሉ 75 ሰዎችና ስለ ሌሎች ሰቆቃዎች ዕድሜ ልክ ፈረደበት፤ ይግባኙም እ.ኤ.አ. በ2022 ውድቅ ሆነ። ወንጀሉ በዚያ የጦር ወንጀል ነው የተባለው። የኔዘርላንድ የዘር ማጥፋት ሕግ እ.ኤ.አ. የ1948ቱን ስምምነት ስለሚከተል የፖለቲካ ቡድንን አያውቅም፤ በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀልን የሚቀጣው ሕጋቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው የወጣው። የቀራቸው እ.ኤ.አ. የ1952ቱ የጦር ወንጀል ሕግ ነበር፤ በእርሱም ለመቅጣት ችሎቱ በ1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የትጥቅ ግጭት እንደነበረ ማረጋገጥ ግድ ሆነበት። በአትላንታ፣ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሠቃያቸው ሦስት ሴቶች ክስ በፍትሐ ብሔር ችሎት ካሳ እንዲከፍል ተወሰነበት። በዴንቨር ደግሞ የቀድሞ የእስር ቤት ጠባቂ ከፈለኝ ዓለሙ ወርቁ እ.ኤ.አ. በ2014 22 ዓመት የተፈረደበት በሐሰት ማንነት ዜግነት በማግኘቱ ነው።

እነዚህን ፍርዶች አላቃልልም። ስደተኞቹ፣ በተለይ በአትላንታ ሥራ ቦታ ላይ ገራፊዋን ያወቀችው ሴትና አብረዋት የከሰሱት፣ ያደረጉት ነገር ከብዙ መንግሥታት የላቀ ነው። ነገር ግን የጦር ወንጀል፣ ካሳ፣ የዜግነት ማጭበርበር የሚሉት ስሞች የመጡት እያንዳንዱ አገር በእጁ ከነበረው ሕግ ነው። የሟቾቹ አገር ለድርጊቱ የተሻለ የሚስማማ ሕግ ነበራት። ያንን ሕግ በመጠቀሟ ከዓለም ተለየች ተብላ ልትወቀስ አይገባም።

አሁን ወደምስማማበት ግማሽ ልመለስ። ልዩ ዐቃቤ ሕግ በዐዋጅ ቁጥር 22/1984 ሲቋቋም የተሰጠው ሥራ እጅግ ሰፊ ነበር፤ በ1989 ክስ የተመሠረተባቸው ሰዎች ቁጥር 5,198 ደርሶ ነበር፤ ከእነርሱም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእጁ አልነበሩም። በዋናው መዝገብ ላይ ኅዳር 14 ቀን 1967 ያለ ፍርድ የተገደሉት ስልሳዎቹ ባለ ሥልጣናት፣ የንጉሠ ነገሥቱ ግድያና የኢሕአፓ ልጆች ጭፍጨፋ በአንድ የዘር ማጥፋት ክስ ሥር ተሰለፉ። ስልሳዎቹ ግን የትኛው የፖለቲካ ቡድን አባላት ነበሩ? በመካከላቸው ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ ጄኔራሎች፣ የክፍለ ሀገር ገዢዎች፣ ራሱ የደርግ ሊቀ መንበር የነበሩት አማን አንዶም ይገኛሉ። አንዱን ከሌላው የሚያስተሳስር ድርጅትም ዓላማም አልነበረም። ያገናኛቸው ደርግ የፈራቸው ወይም የጠላቸው መሆኑ ነው። ግድያው የለየለት ግፍ ነው፤ ቅጣቱም ሞት ወይም ዕድሜ ልክ ሊሆን ይችል ነበር፤ በአንቀጽ 522 የከባድ ግድያ ድንጋጌ። ንጉሡን በዐልጋቸው ላይ አፍኖ መግደልም እንዲሁ። ፍርድ ቤቱ ተቀናቃኝን ማስወገድና ቡድንን ማጥፋት የተለያዩ መሆናቸውን በየክሱ ነጥሎ ቢያሳይ ኖሮ በኢሕአፓ ላይ የሰጠው ፍርድ በጠነከረ ነበር። ሁሉን በአንድ ላይ በማድረጉ ለተቺዎቹ ቀላሉን መውጊያ ሰጣቸው፤ እነርሱም ደካማውን ክስ እያነሡ ጠንካራውን አብረው ጣሉት።

የካምቦዲያ ልዩ ችሎት በዚህ ረገድ የጥንቃቄ ምሳሌ ነው፤ ጥንቃቄው የሚያስከፍለውንም ዋጋ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የቀድሞውን አገዛዝ መሪዎች ኑኦን ቼያንና ኪዩ ሳምፋንን በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ሲል ነጥሎ የያዘው በቬትናማውያን ላይ የተፈጸመውን፣ በኑኦን ቼያ በኩል ደግሞ በቻም ሙስሊሞች ላይ የደረሰውንም ነው። በገዛ ወገናቸው እጅ ያለቁት ክመሮች፣ ማለትም የሟቾቹ እጅግ የሚበዛው ክፍል፣ ጉዳያቸው በሰው ልጅ ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሆኖ ቀረ። ችሎቱ ሕጉን አክብሯል። የሕጉ ድንበር ግን እ.ኤ.አ. በ1948 መንግሥታት ለራሳቸው ደኅንነት ብለው የዘረጉት ነው።

ሰፊ ሕግ አደጋ እንዳለበትም እዚሁ አገር አይተናል። በ1998 የተቃዋሚው የቅንጅት መሪዎችና ጋዜጠኞች ከሌሎች ክሶች ጋር በዘር ማጥፋት ሙከራ ተከሰሱ። በምርጫ ተወዳድረው የታሰሩ ሰዎች ከመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጋር በአንድ የወንጀል ስም ሊጠሩ ነበር። ያው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ በደርግ ላይ ከፈረደ ከአራት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ 1999 ይህን ክስ ውድቅ አደረገው። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው የፖለቲካ ቡድን ከሕጉ ይውጣ ይላሉ። ያ ክስ ግን የፖለቲካ ቡድን በሕጉ ውስጥ ባይኖርም ኖሮ ሊቀርብ ይችል ነበር። የወደቀው ቡድንን የማጥፋት ሐሳብ ስላልተረጋገጠ ነው። ስሙን ከብልሹ ዐቃቤ ሕግ የሚጠብቀው የሐሳብ ማስረጃን አጥብቆ መጠየቅ ነው፤ ደርግ ደግሞ ይህን ማስረጃ በገዛ እጁ ጽፎ፣ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ ትቶልናል።

በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 269 የፖለቲካ ቡድንን እንደያዘ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2016 ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ወደ ክስ ሲሸጋገር የመጀመሪያው ፈተና ይኸው አንቀጽ ይሆናል፦ በየትኛው ግድያ ላይ ይጠቀስ፣ በየትኛውስ ላይ በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል የሚል ራሱን የቻለ ድንጋጌ ይቅደም። ያንን የሚያረቁ ሰዎች የ1999ኙን ፍርድ፣ የልዩነት ሐሳቡን ጨምሮ፣ ክስ በክስ ቢያነቡት ስልሳዎቹ ዘንድ ሲደርሱ የሚያቆማቸውን፣ ኢሕአፓ ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ የሚያሻግራቸውን ማስረጃ እዚያው ያገኙታል።