ከማንም ውሰድ፣ ፊርማውን ግን አጣራ

«ጋሼ፣ አፕዴት ካደረገው ወዲህ ቶር አልገናኝ ብሎታል፤ የድሮውን መልሼ አፕዴቱን ልዝጋው?» ገርጂ ባለው ሱቃችን በቅርቡ ሥራ የጀመረ ልጅ ነው የጠየቀኝ፣ የደንበኛ ኮምፒዩተር ከፊቱ አስቀምጦ። እኔ አፌን ሳልከፍት ባልደረባዬ «ምን ይጠየቃል፣ የሚሠራ ነገር አይነካም!» ብሎ ፈረደ። ከዚህ ሰው ጋር በብዙ ነገር እንግባባለን፤ በዚህች ግን ተስማምተን አናውቅም። ምክሯ ለፕሪንተር ድራይቨር ትሆን ይሆናል። ማንነትን ሰውሮ ለማሰስ ለሚያገለግል ብራውዘር ግን አደገኛ ናት። አዲስ እትም ሲወጣ የተደፈነው ቀዳዳ አብሮ ይፋ ይሆናል። አፕዴቱን የዘጋ ሰው፣ በየት በኩል እንደሚገባበት ጠላቱ አንብቦ የጨረሰውን እትም ይዞ ይቀራል።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት የስክሪኑን ጥግ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር፤ ማሽኑም 4፡00 ይላል፣ ዓመቱም 2017። በዚያው ሰሞን የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ ኖሮ ባለቤቱ ሰዓቱንም ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር በእጁ ሞልቶታል። የቶር ኔትወርክ ደግሞ የሰርቨሮቹን ዝርዝር በየሰዓቱ ያድሳል፤ እያንዳንዱ ዝርዝር የሚያገለግልበት ጊዜም የተወሰነ ነው። ዓመታት ወደኋላ የቀረ ማሽን ይህንን ዝርዝር አይቀበልም። ባትሪውን ቀይረን፣ ቀኑን በፈረንጆቹ ሞልተን፣ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ላይ ስናደርገው ተገናኘ። አፕዴቱ ባልሠራው ጥፋት ነበር የተከሰሰው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሌን አልለውጥም፤ መጀመሪያ ሰዓት፣ ቀጥሎ ሎግ፣ ቀጥሎ ብሪጅ፣ ፕሮግራሙን መጠርጠር የመጨረሻው ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2012 በአገራችን ቶር በድንገት መሥራት ሲያቆም ፕሮግራሙ ምንም አልሆነም ነበር። ያኔ አገሪቱ አንድ ቴሌኮም ብቻ ነበራት፤ በዚያ መስመር ላይ የሚያልፈው ዳታ እየተፈተሸ የቶር ግንኙነት ገና ሲጀመር ከአጀማመሩ ይለይና ይቋረጥ ነበር። አሥር ጊዜ ነቅሎ ቢጫን ለውጥ የለውም። መፍትሔው አጀማመሩን የሚደብቅ ብሪጅ ነበር፤ ያኔ ኦብፍስፕሮክሲ፣ ዛሬ ኦብፍስ4ና ስኖውፍሌክ።

ባልደረባዬ ጠንካራ መከራከሪያ አለው፤ አልክደውም። እ.ኤ.አ. በ2017 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ ባወጣው ጥናት፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች በኢሜይል ሊንክ ይላክላቸው ነበር። ሊንኩን ሲከፍቱ ቪዲዮውን ለማየት «ፍላሽ ፕሌየር አፕዴት አድርግ» ይባላሉ፤ አፕዴት የተባለው ግን ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ፕሮግራም ነበር። «አየህ? አፕዴት ብሎ ነው የገባው» ይለኛል። እኔ ደግሞ ከዚሁ ታሪክ ሌላ ትምህርት አነባለሁ፤ ድረ ገጽ የሚለምንህ አፕዴት አፕዴት አይደለም። ቶር ብራውዘር ራሱን በራሱ ያድሳል፤ ከመጫኑ በፊትም የመጣለትን ፋይል ዲጂታል ፊርማ፣ ማለትም ፋይሉ ከሠሪዎቹ እጅ ሳይነካካ መምጣቱን የሚያሳየውን ምልክት፣ ያጣራል።

ማደስ የከለከለ ሰው ምን እንደሚያጣ ደግሞ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ታይቷል። የፋየርፎክስ አንድ ሰርተፊኬት ቀኑ በማለፉ ቶር ብራውዘር ውስጥ ያለው፣ የድረ ገጾችን ስክሪፕት የሚያግደው ኖስክሪፕት የተባለ ተጨማሪ በመላው ዓለም ሥራ አቆመ። ጊዜያዊ መላው የተጨማሪዎቹን የፊርማ ማጣሪያ ማጥፋት ነበር። እውነተኛው መፍትሔ በቀናት ውስጥ በ8.0.9 እትም መጣ። አፕዴት የዘጋና ማጣሪያውን አጥፍቶ የረሳ ሰው ግን በሩን ከፍቶ ቀረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከየካቲት ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ሲታገዱ፣ ከመገናኛ እስከ አያት ቪፒኤን ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፍ ነበር። «ከየት አገኘኸው?» ስትል መልሱ «ከጓደኛዬ» ነው። ጓደኛው ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ ለጓደኛው የሰጠው ሰውስ? ኔትወርክ በሚቋረጥበት፣ የዳታ ፓኬጅ ኪስ በሚያራቁትበት አገር ከፍላሽ አትጫኑ ማለት አልችልም። ከማንም ውሰዱ፤ ከማታውቁት ሰውም ቢሆን። ፋይሉን ከነፊርማው ውሰዱና አጣሩ። የፊርማው ትልቅነት እዚህ ላይ ነው፤ ያቀበለህን ሰው ማመን አይጠበቅብህም።

ልጁን በዚያው ቀን አስቀምጬ አሠራሁት። ፊርማ የሚያጣራው ፕሮግራም ጂፒጂ ፊርማው ትክክል መሆኑን ይነግርህና ከሥሩ ቁልፉ የማን እንደሆነ ማረጋገጫ የለኝም ብሎ ያስጠነቅቃል። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ጋ ይደነግጣል ወይም ሳያነብ ያልፋል። ማስጠንቀቂያው ሥራውን ለአንተ ማስረከቡ ነው። የቁልፉ አሻራ 40 ፊደልና ቁጥር ነው፤ እኔ በእስክሪብቶ የጻፍኩበት ደብተር አለኝ። ልጁ አራት አራቱን ጮክ ብሎ ከስክሪኑ ያነባል፣ እኔ በጣቴ ደብተሩ ላይ እከተላለሁ፣ መጨረሻው 8290 እስኪደርስ። ሁለተኛውን ዙር ቦታ ተለዋወጥን። ባልደረባዬ ጊዜ ማባከን ነው ይላል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህ ሥራ ለእኔ ከጥገና ያለፈ ነገር የሆነው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ በክሳቸው ውስጥ ደግሞ የኮምፒዩተር ደህንነት ሥልጠና መውሰዳቸው እንደ ጥፋት ተቆጠረ። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ቶር የሚጠይቀኝ ድምፁን ቀንሶ ነው። ምን እንደሚያነብ ጠይቄ አላውቅም፤ ጋዜጠኛም ይሁን ስለ ሕመሙ የሚፈልግ ሰው ለእኔ አንድ ነው። እኔንም እንዲያምነኝ አልፈልግም። ከሱቁ ሲወጣ ፋይሉንና ፊርማውን በፍላሽ፣ አሻራውን በወረቀት እሰጠዋለሁ፤ ቤቱ ገብቶ በራሱ ማሽን እንዲያጣራ፣ አሻራውንም ከቶር ፕሮጀክት ገጽ ላይ እንዲያመሳክር እነግረዋለሁ። ልጁም ለዚያ ደንበኛ እንዲሁ አደረገለት፤ አፕዴቱንም አልዘጋውም።