የካምፐር ኤሲ በይፋት ቆላ፦ በጥቂት መብራት ማቀዝቀዝ

በካምፐር ጣሪያ ላይ የሚገጠም ኤሲ እየሠራ ሳለ የሚወስደው ኃይል ያን ያህል አይደለም። 9,000 ቢቲዩ የሚባለው መጠነኛ ኤሲ ከ800 እስከ 1,000 ዋት ገደማ ይበቃዋል። የሚከብደው ሲነሳ ነው። ኮምፕሬሰሩ ከቆመበት ሲነሳ፣ አንድ ሰከንድ ላልሞላ ጊዜ፣ ከመደበኛው አራት እስከ ስድስት እጥፍ ከረንት ይስባል። በ220 ቮልት 5 አምፔር የሚወስደው ማሽን በዚያች ቅጽበት እስከ 30 አምፔር ይጠይቃል። ጄኔሬተር የሚያቃስተውና ብሬከር የሚወርደው ያኔ ነው። ስለዚህ ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው ኤሲው ስንት ዋት እንደሚበላ ሳይሆን በምን እንደሚነሳ ነው።

የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ ተነስቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው የይፋት ቆላ ይገባል። ይህ ቁልቁለት ለጄኔሬተርም ትርጉም አለው። የቤንዚን ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ 2,000 ዋት የተጻፈበት ጄኔሬተር ሸዋ ሮቢት ላይ ከ1,750 ዋት ብዙም አይዘልም፤ የቀትሩ ሙቀት ደግሞ ከዚያም ይቀንስለታል። ለደጋ ተብሎ ካርቡሬተሩ ላይ ጠባብ ጂግለር የተገጠመለት ከሆነ ቆላ ሲወርድ ነዳጅ ያንሰውና ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። ከመውረድ በፊት ጂግለሩን መቀየር ግድ ነው።

መነሻውን ለማለዘብ የሚበጀው ሶፍት ስታርተር ነው። ኮምፕሬሰሩን ቀስ አድርጎ ስለሚያስነሳ የመነሻ ከረንቱን በግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሰዋል። አዲስ ለሚገዛ ሰው ደግሞ ኢንቨርተር ኮምፕሬሰር ያለው ኤሲ ይሻላል፤ በዝግታ ተነስቶ ፍጥነቱን ከሙቀቱ ጋር ስለሚያስማማ ሶፍት ስታርተር አያስፈልገውም።

ገመድ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከእንግዳ ማረፊያ ግቢ መብራት ለመውሰድ 30 ሜትር ኤክስቴንሽን የሚዘረጋ መንገደኛ 1.5 ካሬ ገመድ ከተጠቀመ፣ 30 አምፔር በሚሳብበት ቅጽበት ገመዱ ብቻውን 22 ቮልት ያህል ይበላል፤ 2.5 ካሬ ከሆነ ወደ 13 ይወርዳል። ማታ ሁሉም መብራት ሲያበራ መስመሩ አስቀድሞ 200 ቮልት ላይ ወርዶ ከሆነ ኮምፕሬሰሩ የሚያገኘው 180 ያህል ብቻ ነው። የሞተር የመነሻ ጉልበት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚሄድ በ180 ቮልት የሚተርፈው ሁለት ሦስተኛው ነው። ሞተሩ ሳይዞር እየጎመጎመ ይግላል፤ በተደጋጋሚ ሲደርስበትም ይቃጠላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ኃይል የሚቆጥበው ወደ ውስጥ የሚገባውን ሙቀት ማሳነስ ነው፤ ትልቅ ጄኔሬተር ለመግዛት የታሰበ ገንዘብ አስቀድሞ እዚህ ላይ ቢውል ይሻላል። በሾንኬ መንደር ያሉት የአርጎባ የድንጋይ ቤቶች ወፍራም ግድግዳቸው የቀኑን ሙቀት ለረጅም ሰዓት ያዘገየዋል። የካምፐር ግድግዳ ቀጭን ቆርቆሮና ጥቂት ስፖንጅ ስለሆነ ይህን አቅም በሌላ መንገድ ማምጣት ያስፈልጋል። ይፋት ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ያህል ላይ ስለሚገኝ በሚያዝያና በነሐሴ ፀሐይ በቀትር አናት ላይ ትቆማለች፤ ዋናው ሙቀት የሚገባው በጣሪያ ነው ማለት ነው። ጣሪያውን ነጭ መቀባት፣ ከዚያም ከጣሪያው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ሸራ መወጠር ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ሸራው ጣሪያውን ከነካ ግን ሙቀቱን ያስተላልፋል፤ በመካከል ነፋስ ማለፍ አለበት፤ የኤሲው የውጭ ክፍልም መታፈን የለበትም። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ከጎን ስለምትመጣ መኪናው ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሆኖ ቢቆም አጫጭሮቹ ጎኖቹ ብቻ ይመታሉ። የመስኮት መጋረጃም ከውስጥ ሳይሆን ከውጭ ሲጋረድ ሙቀቱ መስታወቱን ሳያልፍ ይመለሳል።

መቆጣጠሪያውን 18 ዲግሪ ላይ ማድረግ ተራ ኤሲን ፈጥኖ እንዲያቀዘቅዝ አያደርገውም፤ ሳያርፍ እንዲሠራ ያደርገዋል እንጂ። ውጭው 34 ዲግሪ ሲሆን 27 ዲግሪና ትንሽ ማራገቢያ ለእንቅልፍም ለሥራም ይበቃሉ።

በባትሪ ለማሠራት ሲታሰብ ሒሳቡን ቀድሞ መሥራት ያሻል። 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ 2,400 ዋት ሰዓት ቢይዝም ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ነው። 500 ዋት የሚወስድ ትንሽ ኤሲ፣ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይረው ኢንቨርተር የሚያባክነው ሲታከልበት፣ ከሁለት ሰዓት ብዙም ሳይርቅ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ባትሪ ብቻ ይዞ ሌሊቱን ሙሉ በኤሲ ማደር አይታሰብም። ኤሲው በቀን፣ ሶላሩ እያገዘው፣ ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሠራና ሌሊቱ መስኮት ተከፍቶ ለማራገቢያ ቢተው የባትሪው ዕድሜ ይረዝማል። ማራገቢያ የሚፈልገው ጥቂት አሥር ዋት ብቻ ነው።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ኤሲውን ወዲያው ማብራት አይገባም። በውስጡ ያለው ጋዝ ግፊቱ እስኪመጣጠን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ከዚያ በፊት የሚነሳ ኮምፕሬሰር ግፊቱን ለመስበር ስለሚታገል ከረንቱ ይብሳል። መዘግየት ያለው የቮልቴጅ መከላከያ ይህን ያለ ሰው እጅ ይሠራል። የማሽላ ማሳ አቧራ በሚነሳበት ወቅት ፊልተሩ በየሳምንቱ መታጠብ፣ ኮንደንሰሩም በለስላሳ ብሩሽ መጠረግ አለበት፤ የታፈነ ኮንደንሰር የኮምፕሬሰሩን ከረንት ከፍ ያደርጋል። ጄኔሬተሩ ምንጊዜም ከካምፐሩ ርቆ፣ ጭሱ በነፋሱ ከመስኮት በሚርቅበት በኩል ይቀመጥ፤ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰውንም ሳይነቃ ይገድላል።