ስለ ሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርትና ስለ ጥቅሙ

በአገራችን ሙዚቃን መውደድና ሙዚቀኛን ማክበር ለረጅም ዘመን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ኖረዋል። ሰርግ ያለ አዝማሪ አይደምቅም፤ ነገር ግን የቤቱ ልጅ ራሱ ማሲንቆ ቢያነሣ አባቱ ያዝን ነበር። ዛሬም አንድ ወጣት የሙዚቃን ትምህርት በዩኒቨርሲቲ እስከ ዶክተርነት ማዕርግ ድረስ ሊከታተል ቢያስብ፥ «ለዘፈን ይህን ያህል ዓመት ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ ይገጥመዋል። ጥያቄው የንቀት ቢመስልም መልስ ይገባዋል።

በመጀመሪያ፥ ዜማን የሊቅነት ማዕርግ አድርጎ መቁጠር ከባሕር ማዶ የመጣብን ነገር እንዳልሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። የቅዱስ ያሬድ ትምህርት ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ በሚባሉት ሦስት የዜማ ስልቶች የጸና ነው። ደቀ መዝሙሩ በድጓ ብዙ ዓመት ይደክማል፤ ከዚያም ወደ ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻውም ወደ ዙር አምባ ይወጣል። በ16ኛው መቶ ዓመት፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ ይነገራል። እንግዲህ አበው ድምፀ መልካሙን ሰው ከሊቁ ለይተው ያውቁ ነበር ማለት ነው። ድምፅ የተፈጥሮ ስጦታ ሲሆን፥ ሊቅነት ግን የሰሙትን ለይቶ ማወቅ፥ መጻፍና ሳያጎድሉ ለተከታይ ማስረከብ ነው።

በዘመናዊው ትምህርት በኩል ምሳሌ የሚሆኑን ዶክተር አሸናፊ ከበደ ናቸው። በአሜሪካ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው ሲመለሱ፥ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲሬክተር ሆኑ። በኋላም በ1971 እ.ኤ.አ. በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነትን ማዕርግ ያገኙት ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ በጻፉት ጥናት ነው። ከድርሰቶቻቸው አንዱ «እረኛው ዋሽንተኛ» ይባላል። የባዕድ አገር ትምህርት ከእረኛው እንዳላራቃቸው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የሆነ ሆኖ ሁሉም ተማሪ ይህን ፍሬ አያፈራም። ብዙውን ጊዜ የሚታየው ጉድለት የአገሩን ዜማ ሁሉ በትዝታ፥ በባቲ፥ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ብቻ መመዘን ነው። እነዚህ ቅኝቶች የከበሩ ናቸው፤ የኢትዮጵያን ዜማ ሁሉ ግን አይጠቀልሉም። በአሶሳ በኩል በበርታ ሕዝብ ዘንድ ከቅል የሚሠራ ዋዛ የሚባል ረጅም መለከት አለ። ስሙ ዋዛ ቢባልም ነገሩ የዋዛ አይደለም። እያንዳንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚገኘው ሁሉም በየተራው ድምፁን ሲያቀብል ነው። ይህን ዜማ አንድ ተማሪ በሁለት እጁ በፒያኖ ቢጫወተው ድምፆቹን ያገኝ ይሆናል፤ የሰዎቹ መደማመጥ ግን ያመልጠዋል። ያመለጠውን ነገር ማወቅና መግለጽ እንዲችል ነው ከፍተኛው ትምህርት የሚያስፈልገው።

በዚያው ክልል፥ በመተከል ዞን ወደምትገኘው ወደ ቡለን ብንሻገር፥ ነገሩ ከዚህም የጠበቀ ሆኖ እናገኘዋለን። በቡለን ቦሮ ሺናሻ፥ ጉሙዝ፥ አማራና ኦሮሞ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ። የቋንቋ ሊቃውንት የሺናሻን ቋንቋ በሩቅ ደቡብ ምዕራብ ካለው ከከፋ ቋንቋ ጋር ያዛምዱታል፤ የጉሙዝ ቋንቋ ግን ከሌላ ወገን ነው። ታዲያ የሺናሻ ዜማ የሚዛመደው ከሩቁ ዘመድ ነው ወይስ ከቅርቡ ጎረቤት? ሺናሻዎች በመስከረም የጋሪ ዎሮን በዓል ሲያከብሩ የሚሰማውን ዜማ ከከፋውና ከጉሙዙ ጋር አስተያይቶ መፍረድ የሠለጠነ ጆሮና የረጅም ጊዜ ትዕግሥት ይጠይቃል። መልሱ ቢገኝ ስለ ሕዝቦች ጉዞ መጻሕፍት ያልነገሩንን ሊነግረን ይችላል።

ይህ ሥራ ለነገ የሚባል አይደለም። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በደረሰው ግድያ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች አልቀዋል፤ በመተከልም ብዙ ሺህ ሰው ከቀየው ተፈናቅሏል። ሽማግሌ ሲሞት የሚያውቀው ዜማ አብሮት ይቀበራል፤ መንደር ሲበተንም ተቀባዩ ከአውጪው ይለያል። በቅብብል የኖረ ዜማ ደግሞ ተቀባይ ሲያጣ ይጠፋል።

ስለዚህ የሙዚቃ ተመራቂ ጥናቱን ይዞ ሲቀርብ ፈታኞቹ ስለ ንድፈ ሐሳቡ ብቻ ሳይሆን፥ የማንን ዜማ እንደ ሰማ፥ እንዴት እንደ ጻፈው፥ ለባለቤቶቹም መልሶ አሰምቶ እርማታቸውን ተቀብሎ እንደ ሆነ ሊጠይቁት ይገባል። ለዚህ በቂ መልስ ያለው ወጣት የደከመበት ዓመት አልባከነም፤ አባቱም ልጄ የሙዚቃ ሊቅ ነው ብሎ ቢናገር አያፍርም።