ግማሾቻችን የጣልነው መጽሐፍ

ስድስት ሆነን ጀመርነው፤ የጨረስነው ሦስት ነን። ከሦስታችንም አንዷ የጨረሰችው ተናዳ ነው። የማወራው ስለ ማርሎን ጄምስ «ብላክ ሊዮፓርድ፣ ሬድ ዉልፍ» ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እየተገናኘን ስለ መጽሐፍ ማውራት ከጀመርን ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው፤ እንደዚህ የተጣላንበት መጽሐፍ ግን የለም።

ርዕሱን ወደ አማርኛ ስንመልሰው መጀመሪያ ስቀን ነበር። «ጥቁር ነብር፣ ቀይ ተኩላ» ቢባል ያስኬዳል። አንዱ ግን «የምን ተኩላ? ቀይ ቀበሮ በሉት እንጂ» አለ። ወዶ አይደለም፤ የባሌውና የሰሜን ተራሮቹ ቀይ ቀበሮ በእንግሊዝኛ «ዉልፍ» ነው የሚባለው። እንደዚያ ሲሆን ግን ርዕሱ የብሔራዊ ፓርክ ብሮሸር መሰለብን። ሳቁ ከስልሳኛው ገጽ አላለፈም።

ላላነበባችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ጄምስ ጃማይካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የማን ቡከር ሽልማትን ያገኘው በቦብ ማርሌይ ላይ የተደረገውን የግድያ ሙከራ መነሻ ባደረገ ልቦለድ ነው። ሰው ሁሉ በዚያው መንገድ ይቀጥላል ብሎ ሲጠብቀው በ2019 ከ600 ገጽ በላይ የሆነ ፋንታሲ ይዞ ብቅ አለ። ሦስት መጻሕፍት እንዲሆን የታሰበ ታሪክ የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ በዚያው ዓመትም ለአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብቷል። ዓለሙ ከብዙ የአፍሪካ ሕዝቦች ተረትና ታሪክ የተቀመመ ነው። ኮርኒስ ላይ ተዘቅዝቀው የሚራመዱ ጥላዎች፣ የሌሊት ወፍ ክንፍ ያለው ሰው በላ፣ ከወንዝ የምትወጣ ፍጡር አሉበት። ባለታሪኩ ትራከር ይባላል። የአንድን ሰው ሽታ አንዴ ከያዘ ሰውየው የትም ቢሄድ አያመልጠውም። ከነብርነት ወደ ሰውነት ከሚለዋወጥ ጓደኛውና ከሌሎች ቅጥረኞች ጋር የጠፋ ልጅ እንዲፈልግ ይቀጠራል። ይሄን ሁሉ የሚነግረን እስር ቤት ሆኖ፣ ለመርማሪ ቃሉን ሲሰጥ ነው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ልጁ መሞቱን ያረዳናል።

እስቲ አስቡት። 600 ገጽ ሙሉ ሲፈለግ የሚከርመው ልጅ ገና ሳንጀምር ሞቷል።

መጀመሪያ ያቋረጠው «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን ደጋግሞ ያየው ኢንጂነራችን ነው። እሱን ብቻውን አልወቅሰውም። ጄምስ አንድ ጊዜ በቀልድ «የአፍሪካ ጌም ኦፍ ትሮንስ እየጻፍኩ ነው» ብሎ ነበር፤ ቀልድ መሆኑን በኋላ ቢናገርም ሐረጉ ከመጽሐፉ ጋር ተጣብቆ ቀረ። ልጁ ዙፋን፣ ሽኩቻና ዘንዶ ፈልጎ ገባ። ያገኘው ማንነታቸው የማይጨበጥ፣ ስማቸው ለምላስ የሚከብድ፣ ዝርዝራቸው ከመጽሐፉ መግቢያ ላይ ገጾች የሚይዝ ሰዎች ነው። «የስልክ ማውጫ ነው የሰጠኸኝ» አለኝ። ለዚህ መጽሐፍ ከወጣው ጥላቻ ግማሹ፣ በእኔ ግምት፣ የተጠላው ሌላ መጽሐፍ ነው፤ ማስታወቂያው ቃል የገባው፣ ጄምስ ግን ያልጻፈው።

ሁለተኛዋ ያቆመችው በደሙ ምክንያት ነው። በልጆችና በሴቶች ላይ የሚደርሰው ነገር አንዳንድ ቦታ ለማንበብ ይከብዳል። «በማንበቤ ማንን ነው የማስደስተው?» አለች፣ መጽሐፉን መለሰችልኝ፣ በቃ። የምመልስላት አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ሦስተኛው ያቋረጠው ትራከር ወንዶችን የሚያፈቅር ወንድ ስለሆነ ነው። ከእሱ ጋር ግን ተከራከርኩ። በዚህ ጩኸት በበዛበት መጽሐፍ ውስጥ ሰው እፎይ ብሎ የሚቀመጥበት ቦታ ቢኖር ትራከርና ሞሲ የተባለው የከተማ ሹም አብረው የሚኖሩባቸው ገጾች ናቸው፤ እነሱ ጋ ሳትደርስ ፍርድ አትስጥ አልኩት። «ለእኔ አይደለም» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ማኪያቶአችንን ጠጥተን ተለያየን።

ሌላ አገር ያሉ አንባቢዎችም እንደኛው ናቸው፤ ተአምር ነው የሚለውም፣ አሰልቺ ነው የሚለውም ሞልቷል። ይሄ ለፋንታሲ አዲስ ነገር አይደለም። የቶልኪን መጽሐፍ ወጥቶ ባለቀበት ሰሞን፣ በ1956፣ ገጣሚው ኦደን ሲያሞግሰው ኤድመንድ ዊልሰን የተባለው ትልቅ ሃያሲ ከልክ በላይ የተለጠጠ የልጆች መጽሐፍ አድርጎ ነበር ያጣጣለው። ወደ ቤታችን የሚቀርበው ምሳሌ ግን የናይጄሪያው አሞስ ቱቱዎላ ነው። «ዘ ፓልም ዋይን ድሪንካርድ» በ1952 ለንደን ሲታተም ዲላን ቶማስ በደስታ ተቀበለው፤ አገር ቤት ያሉ ብዙ የተማሩ ናይጄሪያውያን ግን በእንግሊዝኛው አፈሩ፣ «ነጮቹ የወደዱት ኋላ ቀር ስላስመሰለን ነው» ብለው ጠረጠሩ። ቱቱዎላን ያነበበ ሰው የጄምስን መጽሐፍ ሲከፍት ዝምድናውን ወዲያው ያየዋል፦ ያው ጫካ፣ ያው ማቆሚያ የሌለው ጉዞ፣ ያው ለምን እንደመጡ የማይጠየቁ ፍጥረቶች። ጥርጣሬውም አብሮ የተወረሰ ይመስለኛል።

የራሴን ልናገር። መሃሉ ይንዛዛል። ቅጥረኞቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ያለው ንትርክ ልክ የለውም፤ ሁሉም በአንድ አፍ ነው የሚሳደቡት። ጠንቋይዋም፣ ግዙፉም፣ ነብሩም ያንኑ ሽሙጥ ነው የሚወረውሩት። ማን እንደተናገረ ለማወቅ ወደ ላይ መመለስ ካስፈለገኝ ጥፋቱ የእኔ አይደለም። ውጊያዎቹም በዝተዋል፤ አራተኛው ላይ ማን እንደሞተ መቁጠር ተውኩ።

«ማንን እንደማምን አላውቅም» የሚለውን ወቀሳ ግን አልቀበልም። ያንን ያለ ሰው መጽሐፉን በትክክል አንብቦታል። እኛ ተረት ስንጀምር ተራኪው «ተረት ተረት» ይላል፣ ሰሚው «የላም በረት» ብሎ ይመልሳል። ሰሚው ካልመለሰ ተረቱ አይጀምርም። ትራከር ፊት የተቀመጠው መርማሪ ግን ድምፁ አይሰማንም ማለት ይቻላል፤ የጠየቀውን የምናውቀው ከትራከር መልስ ነው። ማለትም ጥያቄውንም መልሱንም የሚያቀብለን አንድ ሰው ነው፣ እሱም እስረኛ፣ ቁጡና ብልጥ። ጄምስ ሦስቱን መጻሕፍት ያሰባቸው ያንኑ ታሪክ ሦስት ሰዎች በየራሳቸው እንዲናገሩት ነው። የመጀመሪያውን ምስክር ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ የለም። አንባቢ ግን በገንዘቡ የገዛው መጽሐፍ ብቻውን እንዲቆምለት ይፈልጋል፤ ያም ያስኬዳል።

እዚህ ድረስ የተከራከርነው እንደማንኛውም አንባቢ ነው። ነገሩ ወደ ቤታችን የገባው ሲስተር ስትናገር ነው።

ሲስተር የምንላት ነርስ ስለሆነች ነው፤ ከሁላችንም በዕድሜ ትበልጣለች፣ ጂንካ ላይ ለዓመታት ሠርታለች። ተናዳ ጨረሰችው ያልኳችሁ እሷ ናት። መጽሐፉ መጀመሪያ አካባቢ አንዲት ሴት ጫካ ውስጥ የተጣሉ ልጆችን ሰብስባ ታሳድጋለች። አንዱ እግሩ እንደ ቀጭኔ የረዘመ ነው፤ አንዷ ከጢስ የተሠራች ናት፤ ተጣብቀው የተወለዱ መንትዮች አሉ፣ አልቢኖ ልጅ አለ፣ እንደ ኳስ የሚንከባለል ልጅ አለ። ጄምስ ለእነዚህ ልጆች የሰጣቸው ስም «ሚንጊ» ነው።

ሚንጊ ተረት አይደለም። የደቡብ ኦሞ ቃል ነው። በሐመር፣ በበናና በካራ ዘንድ እርግማን ያመጣል ተብሎ የሚፈራ ልጅ ሚንጊ ይባል ነበር፤ ብዙዎቹም እንዲሞቱ ተደርገዋል። የካራ ሽማግሌዎች ልማዱን በይፋ ያስቀሩት በ2012 ነው። ላሌ ላቡኮ የተባለ የካራ ተወላጅ ደግሞ ከሞት የተረፉትን ልጆች እየሰበሰበ ጂንካ ላይ እንዲያድጉ አድርጓል። እሱ ራሱ ከመወለዱ በፊት የተገደሉ ሁለት እህቶች እንደነበሩት ያወቀው ካደገ በኋላ ነው።

«የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የወጣ ልጅ ምን ይመስላል?» ብላ ጠየቀችን ሲስተር። ዝም አልን። «ልጅ ነው የሚመስለው። ሽማግሌ ሳይመርቅ የተረገዘ ልጅስ? እሱም ልጅ ነው የሚመስለው። መንትያም ያው። ብታቅፈው ምንም የተለየ ነገር የለውም። እኔን ሲያቃጥለኝ የኖረው እሱ ነው። ይሄ ሰውዬ መጥቶ እግር አስረዘመላቸው፣ ጢስ አደረጋቸው። እንዲህ ከሆኑማ የሚፈሯቸው ሰዎች አልተሳሳቱም ማለት ነው።»

ከየትኛውም ግምገማ ያላገኘሁት ነጥብ ነው። መጽሐፉን የሚወዱት ሰዎች ጄምስ የተናቁትን አከበራቸው ይላሉ፤ የማይወዱት ስለ ስድብና ስለ ደም ያወራሉ። ቃሉ ከየት እንደመጣ፣ ሲመጣ ምን እንደጣለ ግን አይጠይቁም። ልቦለዱ ውስጥ ኩ እና ጋንጋቶም የሚባሉ ተፎካካሪ ጎሳዎች አሉ፤ ሁለተኛውን ስም የኛንጋቶምን ስም የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ በቀላሉ አያልፈውም። ፋንታሲ እንዲህ ነው፤ ያለውን ይወስዳል፣ ያጣምመዋል። ቶልኪንም ከሰሜን አውሮፓ ተረቶች ወስዷል። ልዩነቱ፣ ቶልኪን የወሰዳቸው ድንክዬዎች ትናንት ጂንካ ገበያ አልታዩም።

መልስ ለመስጠት የሞከርኩት እኔ ነኝ። ትራከር በነገር ሁሉ ይዋሻል፣ ያሽሟጥጣል፣ ማንንም አልወድም ይላል አልኳት። እነዚህን ልጆች ሲያነሳ ግን ውሸቱ አይሳካለትም። ልጆቹ አንገቱ ላይ ሲንጠለጠሉ፣ ሽታቸውን ሲቆጥር፣ ቁጣው የት እንደሚገባ አይታወቅም። በመርማሪው ፊት የሚሸሽገው ነገር ቢኖር እነሱን ነው። እና መጨረሻ ላይ የሚሆነውን (አልነግራችሁም) ያነበበ ሰው፣ ጄምስ ልጆቹን ለጌጥ አስቀመጣቸው ሊል አይችልም። ሲስተር እስክጨርስ ሰማችኝ። «መውደዱን አይቻለሁ» አለች። «የወደዳቸው ግን የተለዩ ስለሆኑ ነው። የእኛዎቹን ማንም ለመውደድ ምክንያት አያገኝላቸውም ነበር።»

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ መጽሐፉን እንደገና ከፈትኩት። ቀጭኔ እግሩን ልጅ ሳነብ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ደስ ሲለኝ አፍራለሁ። መጽሐፉ አሁንም ትልቅ ይመስለኛል። እሷም ልክ ናት። ሁለቱን ማስታረቅ አልቻልኩም፤ እውነት ለመናገር መጣደፌንም ትቻለሁ።

ሁለተኛው መጽሐፍ «ሙን ዊች፣ ስፓይደር ኪንግ» በ2022 ወጥቷል። ተራኪዋ ሶጎሎን ናት፣ ትራከር በመጀመሪያው መጽሐፍ ሲሰድባት የከረመው ጠንቋይ፤ ስሟ የማሊውን የሱንጃታን እናት የሚያስታውስ። ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። የሚጀምረው ስም ያልወጣላት አንዲት ሕፃን ልጅ ወንድሞቿ ኩይሳ ውስጥ እንደ እንስሳ ሲያኖሯት ነው። እናቷ እሷን ስትወልድ ሞታለች፤ ጥፋቷ ያ ነው። እግሯ አልረዘመም፣ ከጢስ አልተሠራችም። ብታዩዋት ልጅ ናት።

ጄምስ የሲስተርን ወቀሳ ሰምቶ አይደለም የጻፈው፣ ያ ግልጽ ነው። እኔ ግን እነዚያን ገጾች ሳነብ የሷ ድምፅ ነበር ጆሮዬ ላይ። መጽሐፉን ባለፈው ቅዳሜ ይዤላት ሄድኩ። ውፍረቱን አየች፣ እኔን አየች። «ይሄኛውም ስድብ አለው?» አለች።

«አለው።»

ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ትናንት ማታ ደውላ ኩይሳውን ጨርሻለሁ አለችኝ፤ ሌላ ምንም አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኳት።