ያገረሸ ቃር

በሸዋሮቢትና በይፋት ቆላ ታካሚ ወደ ጤና ባለሙያ ሲመጣ «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ይላል እንጂ «ተጨንቄአለሁ» አይልም። ሥራዬ በአብዛኛው ይህን ቃል ሰምቶ ሆዱንም ጭንቀቱንም ሳያቃልሉ ማከም ነው።

ሕዝቡ የሚጨነቅበትን አላጣም። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ከተማ ተቃጠለች። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋሮቢት ገባ፤ ብዙ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ። ከተመለሰ በኋላም እንቅልፉ ሲስተካከል፣ ሥራው ሲጀመር ቃሩ ጋብ ይልለታል። ከዚያ መንገድ ይዘጋል ወይም ተኩስ ይሰማል፤ በዚያው ሌሊት ደረቱ ይቃጠላል፣ ኮምጣጣ ውኃ ጉሮሮው ላይ ይመጣል። ጠዋት መጥቶ «ድኜ ነበር፤ አሁን ግን ይኸው ወደ ድሮው ተመለስኩ» ይለኛል።

ለዚህ ሰው መጀመሪያ የምነግረው ድካሙ ከንቱ እንዳልቀረ ነው። በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መካከል ያለው ጡንቻ ሲላላ አሲድ ወደ ላይ ይመለሳል። ጭንቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ አሲዱን ከማብዛት ይልቅ የቧንቧውን ነርቮች ያነቃል፤ ትናንት ያልተሰማው ጥቂት አሲድ ዛሬ ያቃጥላል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ነው። ቃጠሎው እውነተኛ ነው፤ ጨጓራው ግን አዲስ ቆሰለ ማለት ላይሆን ይችላል።

ሆድ ስሜትን እንደሚያውቅ ሕክምና ካወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1822 በጥይት ተመትቶ ሆዱ ላይ የቀረው ቀዳዳ ያልተደፈነለትን ሰው ሐኪሙ ዊልያም ቦሞንት ለዓመታት ተከታተለው። ሰውዬው ሲቆጣ የጨጓራው ግድግዳ መልኩ እንደሚለወጥ አይቶ በ1833 በመጽሐፍ አወጣው። ስለዚህ ታካሚን «የሐሳብ ነው» ብሎ መሸኘት ሕክምና አይደለም።

ዋናው የእጅ ሙያ መጠየቅ ነው። መቼ ተነሳ? ከዚያ በፊት የነበረው ቀን እንዴት ዋለ? እራት ስንት ሰዓት ተበላ? በባዶ ሆድ ቡና ነበር? ጫትስ? ጫት ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ ያደርጋል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ለወገብ ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይወሰድ እንደሆነም ሳልጠይቅ አላልፍም። ሙስሊሙን ስለ ሱሑር፣ ክርስቲያኑን ስለ ጾም መፍቻ እጠይቃለሁ። ለሁለቱም ምክሬ አንድ ነው፤ በጥቂቱ ጀምሩ፣ በልታችሁ ወዲያው አትተኙ።

ከመድኃኒቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው አወሳሰዱ ነው። ኦሜፕራዞል የሚዋጠው ቃጠሎው ሲብስ ሳይሆን ከቁርስ 30 ደቂቃ ያህል በፊት፣ ሐኪም ባዘዘው ቀን ልክ ነው። ጨጓራ ውስጥ ሔሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ከተገኘ ደግሞ ጭንቀትን ማርገብ አያጠፋውም፤ ሙሉ የፀረ ባክቴሪያ ሕክምና ያስፈልገዋል። ማታ እራትና መኝታን በ3 ሰዓት ማራራቅ፣ በግራ ጎን መተኛት፣ የአልጋውን የራስጌ እግሮች በጡብ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ይረዳል። ትራስ መደራረብ ሆድን ያጥፋል እንጂ ይህን አይተካም።

ለግርሻ ሌሊት የማስተምረው በሆድ መተንፈስን ነው። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አንድ እጅን ሆድ ላይ ማሳረፍ፤ በአፍንጫ በዝግታ ስቦ እጁን ወደ ውጭ መግፋት፣ ከሳቡበት ረዘም አድርጎ ማውጣት። አሲድ የሚያግደውን ጡንቻ ከውጭ የሚያጠናክረው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ነውና ልምምዱ ከማረጋጋትም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የኦስትሪያ ተመራማሪዎች ጥናትም ይህን ልምምድ ያዘወተሩ የቃር ታካሚዎች እንደተሻላቸው አሳይቷል። ታዲያ ልምምዱ መጀመር ያለበት በደህናው ቀን ነው፤ በፍርሃት መካከል አዲስ ነገር የሚማር አካል የለም።

ጭንቀትን ማወቅ ግን ሌላውን በሽታ እንዳይሸፍንብን መጠንቀቅ አለብን። ምግብ ሲውጡ የሚተናነቅ፣ ያለ ምክንያት የሚያከሳ፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ያለበት ትውከት የሚያመጣ ሕመም ቤት አያድርም። ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ፣ በላብ የሚያጠምቅ የደረት ሕመምም የልብ ሊሆን ስለሚችል ጊዜ አይሰጥም።

ይህን የምታነቡ የይፋት ሰዎች፣ ቃር ሲያገረሽባችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ፣ የጎረቤት መድኃኒትም አትዋሱ። ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጡ ግን የበላችሁትን ብቻ ሳይሆን ያስፈራችሁንም ንገሩን።