ጥሬው ፎቶግራፍና ማጠቢያው

በፊልም ዘመን ፎቶግራፍ የሚታጠበው በጨለማ ክፍል ነበር፤ ዛሬ ማጠቢያው ሶፍትዌር ነው። ካሜራ የሚያስቀረው ጥሬ ፋይል ገና መልክ ያልያዘ የብርሃን መዝገብ በመሆኑ፣ የፊቱ ጥቁረትና የአቧራው ድምቀት የሚወሰነው ኮምፒውተሩ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የአዶቢ ላይትሩም ብዛት ያለውን ፎቶ ለመለየትና ለመደርደር ምቹ ነው፤ ነገር ግን አሁን የሚገኘው በኪራይ ስለሆነ ፈቃዱን ለማሳደስ ኢንተርኔት ይሻል። ካፕቸር ዋን የቆዳን ቀለም ለይቶ በማረም ይመሰገናል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል። በ2009 የተጀመረው ዳርክቴብል ለመልመድ ያስቸግራል፤ ሆኖም ነፃ ነው፤ አንዴ ከተጫነም ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ጉዳዩ በገዳሪፍ በኩል ይበልጥ ይከብዳል። በ2020 መጨረሻ ከትግራይ የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሐምዳይትና በሌሎች መግቢያዎች ሱዳን ገብተው ብዙዎቹ በኡም ራኩባ ሲሰፍሩ፣ ፊታቸው በዓለም ጋዜጦች ታየ። የጠረፉ ፀሐይ ብርቱ ናት፤ አውቶማቲክ እርማት ጥላውን ሲያነሣ ጥቁር ፊት አመድ ሊመስል ይችላል፤ ንፅፅሩ ሲጋነን ደግሞ ወጣቷ እናት አሮጊት ትሆናለች። መከራው ሳይጨመርበትም በቂ ነበር።

ሮይተርስ በ2015 ከጥሬ ፋይል የታጠቡ ፎቶዎችን ከተባባሪ አንሺዎቹ እንደማይቀበል ማስታወቁ ሙሉ መልስ አይሆንም፤ ካሜራው የሚያወጣው ጄፔግም በፋብሪካው ምርጫ የታጠበ ነውና። ሦስቱም ሶፍትዌሮች ጥሬውን ሳይነኩ እርማቱን ለብቻው ይመዘግባሉ። በጠረፍ ለሚሠራ ባለሙያ ዳርክቴብል ይሻላል፤ የትኛውንም ቢመርጥ ግን ጥሬውን ፋይል አይጣል፤ ለተነሣው ሰው ምስክሩ እርሱ ነው።