ቀይና ጥቁሩ ሽቦ

ረቡዕ ረቡዕ ከቢቸናም ከሞጣም በኩል ወደ ሮብ ገበያ ከሚመጣው ሰው መካከል «ስፒከሬ ቤዝ አልሰጥ አለኝ» የሚል አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ የተቃጠለ ነገር የለም። ገመዱ ሲያጥር በመብራት ገመድ ተቀጥሎ፣ የአንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተቀያይሯል። ሁለቱም ክሮች ነጭ ከሆኑ ማን ይለያቸዋል? ይህን ሳያዩ «ስፒከሩ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» ማለት ገበሬውን መዝረፍ ነው እላለሁ።

አንዱ ስፒከር አየሩን ሲገፋ ሌላው ከሳበ፣ አንድን በር ሁለት ሰው ከውስጥና ከውጭ እንደሚገፋው ነው። ጉዳቱ ግን ሁሉንም ድምፅ እኩል አይነካም። ቤዝ ጊታር፣ ከበሮና ዘፋኝ በአብዛኛው በግራም በቀኝም እኩል ይቀረጻሉ፤ ስለዚህ የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ወደ አንድ ጎን የተቀረጸ ማሲንቆ ምንም አይሆንም። ማሲንቆው ጥርት ብሎ እየተሰማ ዘፋኙ የት እንደቆመ ካልታወቀ፣ መጀመሪያ ሽቦውን እዩ።

ሁለቱን ስፒከሮች ፊት ለፊት አቀራርባችሁ የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ክፈቱ፤ ስርጭቱ ሞኖ ነው። የአንዱን ሽቦ ገልብጣችሁ አወዳድሩ፤ ቤዙ የሚበረታበት ትክክለኛው ነው። ለብቻው የወጣ ስፒከር ከሆነ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ይበቃል። የድንጋዩ ፖዘቲቭ ቀዩን ጫፍ ለቅጽበት ሲነካ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊት ብቅ ማለት አለበት። ብዙ የድሮ የጄቢኤል ስፒከሮች ግን ወደ ውስጥ እንዲገቡ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ ድንጋዩን አምናለሁ።

ፌዝ የሚባለው (የሁለቱ ስፒከሮች ሞገድ እኩል መድረስ አለመድረስ) ከሽቦ መገልበጥ ይለያል፤ የጊዜና የርቀት ጉዳይ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ የ100 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ነው። አንዱ ስፒከር ከሌላው ይልቅ በ1.7 ሜትር ያህል ከአድማጩ ከራቀ፣ ሽቦው ልክ ቢሆንም 100 ኸርዙ ይዳከማል፤ 200ው ግን ይደጋገፋል። መድኃኒቱ ስፒከሩን ማንቀሳቀስ ነው።

ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ላይ ደግሞ እጄን እሰበስባለሁ። በእያንዳንዱ በኩል አንድ ኮይልና አንድ ካፓሲተር ያለው ክሮስኦቨር (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ የሚለየው ክፍል)፣ በመለያያው ድግግሞሽ ላይ ትዊተሩንና ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ዎፈር በ180 ዲግሪ ያራርቃቸዋል። ስለዚህ ፋብሪካው ራሱ ትዊተሩን ገልብጦ ሊያገናኘው ይችላል። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ «ላስተካክል» ብሎ ሲያዞረው፣ የዘፋኙ ድምፅ መሀሉ ይሰረጉዳል። ሳጥን ስከፍት፣ ብየዳውን ከመንካቴ በፊት የሽቦውን አቀማመጥ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ።